ክትትልና ቁጥጥር ምንድን ነው? ፖሊስን የሚጠይቀውስ ማን ነው?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤታችን ከእማማ ጋር እዚሁ ጎንደር ወደሚገኝ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የልጅ ልጃቸው ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተይዟል። በምን ተጠርጥሮ እንደሆነ የነገራቸው የለም። እማማ ሽሮ ፍትፍት በሳህን አድርገው፣ በሌላ ሳህን ከድነው፣ በፌስታል ቋጥረው ይዘዋል። በር ላይ ያለው ፖሊስ ፌስታሉን ፈታው። «ማንን ሊጠይቁ ነው?» ስሙን ነገሩት። «ይቅመሱት እማማ» አላቸው። አንድ ጉርሻ ቀመሱ። ሳህኑ ገባ፣ እኛ ውጭ ቀረን።

ስንመለስ ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ቆም አሉ። የደከማቸው መስሎኝ ነበር። «እሱንስ ጠየቅሁት» አሉኝ። «እነሱን ማን ነው የሚጠይቃቸው?»

«ምክር ቤት» አልኳቸው።

«የቱ?»

አፌን አስያዙኝ። ጋዜጣ አነባለሁ፣ ዜና እሰማለሁ፣ ግን ለአንዲት ባልቴት በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አቃተኝ።

በዜና «የምክር ቤቱ የክትትልና ቁጥጥር ሥራ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሐረጉ ደረቅ ነው፤ ጆሮ ውስጥ ሳይገባ ያልፋል። ሲፈታ ግን ቀላል ነው። ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል። ከዚያ መንግሥት በሕጉና በገንዘቡ ምን እንደሠራ ይጠይቃል። ሥራው እየተሠራ እያለ ማየቱ ክትትል ነው። ጥፋት ሲገኝ «ማን አጠፋ? ለምን? እስከ መቼ ይታረማል?» ማለቱ ቁጥጥር ነው። ጉዳዩ ፍትሕና ጸጥታ ሲሆን የሚጠየቁት ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ማረሚያ ቤትና የእነሱ አለቆች ናቸው። ዳኛ የሰጠው ፍርድ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። እሱን በይግባኝ ነው እንጂ በምክር ቤት አያስቀይሩትም።

«ቁጥጥር» የሚለው ቃል ለእኛ ሰው ትንሽ ያስደነግጣል። ፖሊስ ነዋ «ተጠርጣሪውን በቁጥጥር ሥር አውለነዋል» የሚለው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ በቁጥጥር ሥር የሚውለው የያዘው ነው። እኔ ግን የእማማን ቃል እመርጣለሁ፦ መጠየቅ። በአማርኛ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ ሹምም ይጠየቃል። ተጠያቂነትም የወጣው ከዚሁ ቃል ነው። አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ ተጠያቂው ዝም ብሎ መሄድ አይችልም ነበር። መልስ ያበጃል፣ መልሱም እንደገና ይመረመራል።

ሥልጣኑ ከየት መጣ ለሚል፣ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 55 ረጅም ነው፤ ለዛሬ ሦስቱ ንዑስ አንቀጾች ይበቁናል። ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌደራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ይፈቅዳል። ንዑስ አንቀጽ 7 ፖሊስን፣ የደኅንነትና የመከላከያ ኃይሉን በስም ያነሳል። አደረጃጀታቸውን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። ሥራቸው የሰብአዊ መብትንና የአገርን ደኅንነት የሚነካ ሆኖ ከተገኘም ያጣራል፣ እርምጃ ይወስዳል። እንግዲህ ፖሊስን መጠየቅ የምክር ቤቱ ቸርነት ሳይሆን ሥራው ነው። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ በአስፈጻሚው ሥልጣን ውስጥ ያለ ማንኛውም ጉዳይ ለውይይት ይቀርባል ይላል። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። አንድ ሦስተኛ ማለት ከ180 በላይ ሰው ነው። በ2013ቱ ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ እንዳገኙ አስቡና ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ገዥው ፓርቲ ራሱን ልጠይቅ ካላለ ይህ በር አይከፈትም።

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ እንመለስ። የቱ ምክር ቤት?

የያዘው የፌደራል ፖሊስ ከሆነ ጠያቂው አዲስ አበባ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የክልሉ ፖሊስ ከሆነ ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁና እንዲመሩ፣ ሰላምም እንዲያስጠብቁ ስለሚል ጠያቂው ባሕር ዳር ያለው የአማራ ክልል ምክር ቤት ይሆናል። የጎንደር ከተማም የራሷ ምክር ቤት አላት፤ የከተማውን አስተዳደር የምትጠይቀው በእሱ ነው። ሰዉ ግን ብዙ ጊዜ የመንደሩን ጣቢያ ጉዳይ ይዞ ዓይኑን አዲስ አበባ ላይ ይተክላል። ቴሌቪዥን የሚያሳየው እሱን ነዋ። የባሕር ዳሩን ጉባኤ ተቀምጦ የሚያይ ስንት ሰው አለ? የከተማውንስ? የእማማ የልጅ ልጅ ጉዳይ ደግሞ የባሕር ዳሩ ነበር።

ዋናው ሥራ የሚሠራው በትልቁ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። የሚሠራው በቋሚ ኮሚቴ ነው። አዲስ አበባ ያለው የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የፍትሕ ሚኒስቴርን ዕቅድና ሪፖርት ያያል፣ ማረሚያ ቤት ሄዶ የመስክ ምልከታ ያደርጋል፣ ግብረ መልስ ይሰጣል። የዋና ኦዲተር ሪፖርት አለ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋምም አሉ፤ ሁለቱንም ያቋቋማቸውና ሪፖርታቸውን የሚቀበለው ያው ምክር ቤት ነው። መሣሪያ አልጠፋም ለማለት ነው።

ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ይመስለኛል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት የሚቀርቡበትን ቀን አስታውሱ። ቡናው ተፈልቷል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። አንድ አባል ይነሳል፣ አመስግኖ ጥያቄውን ከወረቀት ያነባል። ሌላው ይቀጥላል። ሌላውም። ጥያቄው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባንድ ላይ ይመልሳሉ። ሰዓታት ይወስዳል። አቦሉ አልቆ በረካው ሲቀዳ ገና ኢኮኖሚው ላይ ናቸው። የጸጥታው ጥያቄ ሲደርስ በምን ቃል እንደተጠየቀ የሚያስታውስ የለም። ጠያቂው «አልተመለሰልኝም» ብሎ የሚነሳበት ዕድልም ጠባብ ነው። በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማው ሥራ ላይ በሚሆንበት ሳምንት ረቡዕ ረቡዕ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠየቃል። የተቃዋሚው መሪ ስድስት ጥያቄ አለው፤ አንዱን ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ በመልሱ ላይ ሌላ ይጠይቃል። እዚያም ጩኸትና ፌዝ ይበዛዋል፤ ቅዱስ ነው አላልኩም። ግን በላ ልበልሃ ለሚያውቅ ሰው የትኛው ሙግት እንደሚመስል ግልጽ ነው።

ሌላው የጥያቄው አወራረድ ነው። «የፍትሕ ተቋማትን አገልግሎት ለማሻሻል ምን እየተሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ይመጣል፦ ስልጠና ተሰጥቷል፣ ግንዛቤ ተፈጥሯል፣ ተጠናክሮ ይቀጥላል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን ምንም አላወቀም። አሁን ደግሞ እንዲህ ጠይቁ፦ «ባለፉት ሦስት ወራት ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ከ48 ሰዓት በላይ የቆዩ ተጠርጣሪዎች ስንት ናቸው? በየጣቢያው ይነገረን።» ለዚህ ስልጠና መልስ አይሆንም። ወይ ቁጥር ይመጣል፣ ወይ መዝገብ እንደሌለ ይታወቃል። መዝገብ አለመኖሩም ራሱ ትልቅ መልስ ነው። 48 ሰዓቱን እኔ አልፈጠርኩትም። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። «ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም» የሚል ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

መልስ ብቻውን ምን ያደርጋል ለሚል አንድ ቀን ላስታውስ። ሰኔ 11 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ምክር ቤት ቀርበው ስለ እስረኞች መፈታት ተጠየቁ። ሰውን ጨለማ ቤት ማስገባትና መግረፍ ራሱ የመንግሥት የሽብር ተግባር እንደነበር በአደባባይ አመኑ። አገር ጉድ አለ። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያ አዳራሽ በ2007ቱ ምርጫ የተሞላ ነበር፤ አንድም የተቃዋሚ ወንበር አልነበረበትም። ሰው ሲገረፍ በነበረባቸው ዓመታት የፖሊስንና የደኅንነትን ሪፖርት ተቀብሎ ያጸድቅ የነበረው ያው ምክር ቤት ነው። በወራት ውስጥ ስለዚሁ ግርፋት ክስ መጣ፤ ያመጣው ግን ዐቃቤ ሕግ እንጂ የምክር ቤቱ ምርመራ አልነበረም። የድሮው የጸረ ሽብር ዐዋጅ ቁጥር 652/2001ም በ2012 በዐዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ።

ለእኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች ከሁሉም የሚቀርበው አንቀጽ 93 ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜው። ሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል፣ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ስብሰባ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ይወድቃል። የአማራ ክልሉ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ታወጀ፣ ነሐሴ 8 ጸደቀ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዘመ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው የመርማሪ ቦርዱን ነው። ምክር ቤቱ ከአባላቱና ከሕግ ባለሙያዎች ሰባት ሰው ይመርጣል። ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል፤ ኢሰብአዊ ድርጊት እንዳይፈጸም ይከታተላል። ስም ነው የሚለው፣ የሰዎች ስም። ልጇ የት እንደታሰረ ያላወቀች እናት መጀመሪያ የምትፈልገው እሱኑ ነው።

ጠያቂው ራሱ ጥበቃ ካላገኘ ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ነው። ለዚህ ነው አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም የሚለው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ በዚያው በ2015 ክረምት ታሰሩ። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሳው ከወራት በኋላ፣ በ2016 ነው። ስለ ክሱ ፍርድ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም። የቀኖቹን ቅደም ተከተል ግን ማንም ማየት ይችላል።

የእማማ የልጅ ልጅ ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቀረበ። አርባ ስምንት ሰዓቱ ያለቀው ቅዳሜ ማታ ነበር። ዳኛው በዋስ ለቀቁት። እማማ ስለት ነበረባቸውና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄደው አደረሱ። እኔ ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ቤቴ መጡ። «ጻፍልኝ» አሉኝ። ለክልሉ ምክር ቤት ተመራጫቸው አንድ ገጽ ጻፍን። ብሶት እንዳይበዛበት ብዬ ብዙውን ቆረጥኩት፤ ትንሽ ተኮራረፍን። የቀረው የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀንና ሰዓት፣ እና አንድ ጥያቄ ነው፦ በመካከሉ ስላለፈው ጊዜ የሚጠየቀው ማን ነው? በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ገቢ ያደረግነው ደብዳቤ ቅጂ ማህተምና ቁጥር አለው። ብፌው ውስጥ፣ ከዚያ ከሳህኑ ሥር አስቀምጠውታል። ባገኙኝ ቁጥር «ተጠየቁ?» ይሉኛል።