ኦክሰን ሂል እርሻ፦ ልጆች ላም የሚያልቡበት የዋሽንግተን ጎረቤት

ኦክሰን ሂል እርሻ በሜሪላንድ ግዛት፣ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ደቡባዊ ወሰን አጠገብ የሚገኝ አነስተኛ የማስተማሪያ እርሻና የግብርና ሙዚየም ነው። ኦክሰን ኮቭ በተባለው ፓርክ ውስጥ፣ ወደ ፖቶማክ ወንዝ በሚያይ ኮረብታ ላይ ያለ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዓላማውም ከተማ ተወልደው ያደጉ ልጆች ወተትና እንቁላል ሱቅ ከመድረሳቸው በፊት ከየት እንደሚመጡ በዓይናቸው አይተውና በእጃቸው ነክተው እንዲያውቁ ማድረግ ነው። መግቢያው በነፃ ነው።

ቦታው ግን ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኮረብታው የደበትስ ቤተሰብ ይዞታ ነበር፤ እርሻውም በባርነት በተያዙ ጥቁሮች ጉልበት ይታረስ ነበር። ዛሬም የቆመው ማውንት ዌልቢ የተባለው የጡብ ቤት የዚሁ ቤተሰብ መኖሪያ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ጦር በነሐሴ 1814 ዋሽንግተንን ሲያቃጥል የቤቱ እመቤት የእሳቱን ብርሃን ከዚያው ሆነው ማየታቸውን በደብዳቤ ጽፈዋል።

ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1891 ሴንት ኤልዛቤትስ የተባለው የመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሬቱን ገዛና በኃላፊው በዶክተር ዊልያም ጎዲንግ ስም ጎዲንግ ክሮፍት ብሎ ሰየመው። ሕሙማኑ አትክልት እየኮተኮቱ፣ ከብት እየጠበቁና ድርቆሽ እየከመሩ ይውሉ ነበር፤ ምርቱም የሆስፒታሉን ማዕድ ይደጉም ነበር። በዘመኑ እምነት መሠረት ንጹሕ አየርና ትርጉም ያለው የእጅ ሥራ የታወከን አእምሮ ያሳርፋሉ። ዛሬ ልጆች የሚሮጡባቸው በረቶችና ጎተራዎች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ቅርሶች በመሆናቸው፣ ወላጆች ይህን ታሪክ ሳይነግሯቸው ባያልፉ መልካም ነው።

ከቤተሰብ መርሐ ግብሮቹ ሁሉ ታዋቂው ላም ማለብ ነው። ልጁ ከላሟ ጎን በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ የእርሻው ሠራተኛም በመጀመሪያ ግቷን ያጸዳል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ጡቷን ወደ ታች በመጎተት ነው፤ እንዲያ ሲደረግ ላሟ ከመቆጣት በቀር ወተት አትሰጥም። ትክክለኛው አያያዝ የጡቱን ሥር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠበቅ አድርጎ ወተቱ ወደ ላይ እንዳይመለስ ከዘጉ በኋላ፣ የቀሩትን ጣቶች ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ መጨበጥ ነው። የመጀመሪያዋ ቀጭን የወተት ክር ባልዲው ውስጥ ጢር ስትል ልጁ በድንጋጤና በደስታ መካከል ሆኖ እጁን ይሰበስባል፤ ሙቀቷ ያስደንቀዋል፤ እስከዚያች ቅጽበት ወተትን የሚያውቀው ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ብቻ ነውና። ለዶሮዎች ጥሬ መበተን፣ እንቁላል መሰብሰብና በድርቆሽ ጋሪ መዞርም በእርሻው ከሚዘወተሩት መካከል ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ እንስሳ የነካ እጅ ወዲያው በሳሙና መታጠብ አለበት፤ በበረት አካባቢም መብላት አይገባም፤ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከወላጅ ዓይን መራቅ የለባቸውም።

ከጥንታዊ የእርሻ መሣሪያዎች ሌላ፣ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በተለይ ሊያየው የሚገባው የማሽላ ሽሮፕ ማብሰያው ዳስ ነው። ማሽላ በምሥራቅ አፍሪካ የተላመደ እህል ሲሆን፣ አገዳው ጣፋጭ የሆነው ዝርያ ከ1850ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ገበሬዎች ዘንድ የስኳር ምትክ ሆኖ ተስፋፍቷል። አገዳው በመከር ወራት ይቆረጥና ቅጠሉ ተገፍፎ በሚሽከረከሩ ብረቶች መካከል ይጨመቃል፤ አረንጓዴው ጭማቂ በሰፊ ጠፍጣፋ መጥበሻ ላይ አረፋው እየተገፈፈ ለሰዓታት ሲንተከተክ ይቆይና ማር መስሎ ይወጣል። ከ10 ሊትር ጭማቂ የሚገኘው ሽሮፕ አንድ ሊትር ያህል ብቻ ነው።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ገጠር ያደገ ወላጅ እዚያ ዳስ ዘንድ ሲደርስ የሚያስጎበኘው ሰው ላያስፈልገው ይችላል፤ አገዳው ጥንቅሽ ነውና። ልጣጩ በጥርስ እንዴት እንደሚገፈፍ፣ ስለቱ ከንፈር እንዳይቆርጥ እንዴት እንደሚያዝ፣ ተመጥጦ ያለቀው ምጣጭ የት እንደሚጣል በራሱ ቋንቋ ለልጁ ማሳየት ይችላል።