የቦዔዝ ሰላምታ፦ በሥራ ቦታ ሰው ለሚያስተዳድሩ ምእመናን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ መጽሐፈ ሩትን ስናነብ ልባችን ወደ ሩት ታማኝነት ይሳባል፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን በመሥሪያ ቤትም ሆነ በፋብሪካ በእጃችን ሥር ሠራተኛ ያለን ሁሉ ሩት የቃረመችበት እርሻ ባለቤት የሆነውን ቦዔዝን እንመልከት። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፥ ውርጩ ገና ሳይለቅ በማለዳ ገብስ ሲታጨድ ያየ የሰሜን ሸዋ ሰው፥ ነዶውንና ቃርሚያውን ማንም ሳያስረዳው ያውቃል።

ቦዔዝ እርሻው ሲደርስ አስቀድሞ የታጨደውን አልቆጠረም። «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» አላቸው፤ አጫጆቹም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብለው መለሱለት (ሩት 2፥4)። በእኛም አገር ሥራ ላይ ባለ ሰው አጠገብ «እግዚአብሔር ያበርታህ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ታዲያ ይህን እያወቅን፥ ወንበር ከያዝን በኋላ ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን በዝምታ አልፈን የምንገባው ስለ ምንድን ነው?

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ለጎልማሶቹ የሰጠው ትእዛዝ ነው። ለድኻና ለመጻተኛ ቃርሚያ መተው በሕግ የታዘዘ ነበር (ዘሌ 19፥9-10)፤ እርሱ ግን ከሕጉ አልፎ፥ ከነዶው ሆን ብለው ለሩት እንዲያስቀሩላትና እንዳያሳፍሯት አዘዘ (ሩት 2፥15-16)። ሩት ይህን ትእዛዝ መስማቷ አልተጻፈም፤ እስከ ማታ ቃርማ፥ በገዛ እጇ ወቅታ፥ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ቦዔዝ ረዳት፤ ክብሯን ግን አልነካም።

እኔ የአንድ ክፍል ኃላፊ በነበርሁበት ጊዜ አንዲት ጀማሪ ሠራተኛን ስለ አንድ የተሳሳተ ቅጽ በባልደረቦቿ ፊት ገሠጽኋት። ስሕተቱ በአምስት ደቂቃ የሚታረም ነበር። እርሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልገባትን መጠየቅ ተወች፤ ስታጠፋም መደበቅ ጀመረች። ለብቻዋ ጠርቼ ይቅርታ የጠየቅኋት ከወራት በኋላ ነው፤ «አታሳፍሩአት» የሚለውን ቃል ባነበብሁ ቁጥር ያ ቅጽ በዐይኔ ላይ ይመጣል።

ቦዔዝ ጎልማሶቹ እንዳይነኳት ማዘዙንም አንርሳ (ሩት 2፥9)። በሥሩ ያሉ ሴቶች ያለ ፍርሃት ሠርተው ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ማድረግ የኃላፊው ግዴታ ነው፤ ቅሬታ እስኪቀርብለት ሊጠብቅ አይገባውም።

በመጨረሻም ቦዔዝ ጉዳይ አያሳድርም ነበር። ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ማለት ለለመድን ሰዎች ይህ ከባድ ተግሣጽ ነው። ቦዔዝ በማለዳ ወደ ከተማው በር ወጥቶ፥ ዐሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ፥ የመቤዠቱን ነገር፥ ማለትም የሟች ዘመዱን ርስት ገዝቶ ሩትን የማግባቱን ጉዳይ፥ በዚያው ቀን ፈጸመ (ሩት 4፥1-10)። ኑኃሚንም ጠባዩን ታውቅ ነበርና፥ ነገሩ ገና ሳያልቅ ምራቷን ሩትን፦ ልጄ ሆይ፥ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ሰውዬው ዛሬ ሳይጨርሰው አያርፍም አለቻት።