ግሪዶች ሲተሳሰሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለኬንያ ኃይል መላክ ከጀመረች ወዲህ የአገሮችን ግሪዶች (የኤሌክትሪክ መረቦች) ስለሚያገናኙ መስመሮች ብዙ ይባላል። ከሚባለው የሚበዛው ግን መታረም አለበት።

«የኬንያ ግሪድ ሲወድቅ የእኛም ይወድቃል»

ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ የተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር 500 ኪሎ ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው። የሁለቱን አገሮች ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበትን መጠን) አያስተሳስርም፤ ጫፍና ጫፍ ያሉት ኮንቨርተሮች (ኤሌክትሪኩን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚቀይሩ መሣሪያዎች) የሚያሳልፉት የታዘዙትን ሜጋዋት ነው። ኬንያ ላይ ብልሽት ቢደርስ እኛ ዘንድ የሚሰማው የሚላከው ኃይል በድንገት መቋረጡ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ተርባይኖች ወዲያው ማመንጨታቸውን መቀነስ አለባቸው። ወደ ሱዳንና ጅቡቲ የሚሄዱት ግን የኤሲ (አቅጣጫው እየተቀያየረ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) መስመሮች ስለሆኑ ስጋቱ እዚያ ቢነሳ ያስኬዳል።

«ኃይሉ ውሉ ላይ በተጻፈው መንገድ ይሄዳል»

በኤሲ ግሪድ ውስጥ ኃይል ክፍት ባገኘው መንገድ ሁሉ ተከፋፍሎ ይፈስሳል። ከሰሜን ጀርመን ለደቡቡና ለኦስትሪያ የተሸጠ የንፋስ ኃይል ከፊሉ በፖላንድና በቼክ መስመሮች ዞሮ ያልፍ ነበር። ሁለቱ አገሮች በሽያጩ ሳይኖሩበት መስመራቸው ተጨናነቀ። ድንበር ላይ ፍሰቱን የሚገድቡ ትራንስፎርመሮች ለመትከል ተገደዱ፤ ጀርመንና ኦስትሪያ በአንድ ዋጋ የሚገበያዩበት የጋራ ቀጠናም እ.ኤ.አ. በ2018 ለሁለት ተከፈለ። እያንዳንዱ አገር ለብቻው የሚበጀውን ቢያሰላ በድምሩ ለሁሉም ይበጃል የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

«ለመቀናጀት አንድ ማዕከል ሁሉን ማወቅ አለበት»

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። የትኛውም አገር የግድቡን የውሃ ይዞታና የማመንጫ ወጪውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይፈልግም፤ ደግሞም ልክ ነው። ያልተማከለ ስሌት (እያንዳንዱ የራሱን ለብቻው የሚያሰላበት) ይህን አይጠይቀውም።

ሁለት ግሪዶች ሀ እና ለ አሉ እንበል። ድንበሩ ላይ የሙከራ ዋጋ ይቀመጣል። ሀ የራሱን ስሌት ሠርቶ «በዚህ ዋጋ 150 ሜጋዋት እልካለሁ» ይላል፤ ለ ደግሞ «300 እፈልጋለሁ» ይላል። ፈላጊው ስለበዛ ዋጋው ከፍ ይደረጋል፤ ሁለቱም እንደገና ያሰላሉ። አሁን ሀ 190፣ ለ 240 ይላሉ። ቁጥሮቹ እስኪገጥሙ፣ አለዚያም መስመሩ አቅሙን እስኪሞላ ድረስ ይቀጥላሉ። በኤሲ መስመር ከሆነ የድንበሩ ቮልቴጅና የፌዝ አንግልም (የሞገዱ የጊዜ አቀማመጥ) መግጠም አለበት። ድንበር የሚሻገረው መረጃ ይኸው ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ለሆነው የምሥራቅ አፍሪካ ፓወር ፑል (የአገሮች የኃይል ንግድ ጥምረት)፣ በእኔ እምነት፣ የሚስማማው መንገድ ይህ ነው።

«ስሌቱ ከገጠመ ጉዳዩ አለቀ»

የኤሲ ፍሰት ቀመሮች ቀጥተኛ ስላልሆኑ የተገኘው መልስ ከሁሉ የተሻለው ለመሆኑ ሁልጊዜ ዋስትና የለም፤ ዋጋው በየዙሩ ከመጠን በላይ ከተቀያየረም ስሌቱ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። የተስማሙበትን መፈጸም ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ሰርቢያና ኮሶቮ በነበራቸው አለመግባባት 113 ጊጋዋት ሰዓት ያህል ኃይል ጎደለ። በአህጉራዊ አውሮፓ የጋራ ግሪድ ፍሪኩዌንሲው በጥቂቱ ወርዶ ቆየና በእሱ የሚቆጥሩ የቤት ሰዓቶች ወደ 6 ደቂቃ ወደኋላ ቀሩ። የተስተካከሉት ፍሪኩዌንሲው ለሳምንታት ከ50 ኸርዝ ትንሽ ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው።