የዛፍ ሥርና የፈንገስ ጉድኝት በኢትዮጵያ ደኖች

ማይኮራይዛ ፈንገስና የዕፅዋት ሥር ተጎዳኝተው የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። ፈንገሱ ከአፈር ውስጥ ማዕድንና ውሃ ለዛፉ ያቀብላል፤ ዛፉም ካዘጋጀው ስኳርና ቅባት ያካፍለዋል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1885 የሰጠው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው።

ጉድኝቱ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፤ አገር በቀል ደን ለሚያለማ ሰው ልዩነታቸውን ማወቅ ግድ ነው። ኤክቶማይኮራይዛ የፓይንና የኦክ ዛፎች ነው፤ ፈንገሱ የሥሩን ጫፍ ከውጭ ይሸፍናል፣ በሴሎች መካከል ብቻ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ከመሬት በላይ እንጉዳይ ያበቅላል። አርባስኩላር የሚባለው ደግሞ የሴሉን ግድግዳ አልፎ ገብቶ በውስጡ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ከመሬት በላይ ግን ምንም አይታይም። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ኮሶና ዋንዛ የዚህኛው ወገን ናቸው። በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን የተመረመሩ አገር በቀል ዛፎችም በአብዛኛው እንዲሁ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ በጽድ ጫካ እንጉዳይ ታየም አልታየም ስለ ዛፎቹ ማይኮራይዛ የሚነግረን ነገር የለም፤ እዚያ የሚበቅለው እንጉዳይ በአመዛኙ ርጋፊ ቅጠልና እንጨት የሚያበሰብስ ነው።

የዝግባ ቀጭን ሥር ታጥቦ ሲታይ ጨሌ የተሰካበት ክር ይመስላል። እነዚያ ጥቃቅን እባጮች በባቄላ ሥር ላይ እንዳሉት የናይትሮጅን ባክቴሪያ መኖሪያ አይደሉም፤ በውስጣቸው የሚገኘው አርባስኩላር ፈንገስ ነው።

የፈንገሱ ትልቁ ውለታ ፎስፈረስ ማቅረብ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ቀይ አሲዳማ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረስን አጥብቀው ስለሚይዙት እንደ ናይትሬት ከውሃ ጋር አይጓዝም። ሥሩ በዙሪያው ያለውን 1 ወይም 2 ሚሊሜትር በቀናት ውስጥ አሟጥጦ ይቀራል። ውፍረታቸው ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሆነው የፈንገስ ክሮች ግን ይህን ባዶ ቦታ አልፈው ብዙ ሴንቲሜትር ይዘረጋሉ፤ ሥር በማይገባበት ቀዳዳም ይገባሉ። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ተክሉ ካዘጋጀው ካርቦን ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ፈንገሱ እንደሚወስድ ይገመታል።

አንድ ፈንገስ የብዙ ዛፎችን ሥር ሊያገናኝ ይችላል። ከትልቅ ዛፍ ሥር የበቀለ ችግኝ ቀድሞ ከተዘረጋ ክር ጋር ስለሚገናኝ ፈንገስ ፍለጋ አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1997 የደን ተመራማሪዋ ሱዛን ሲማርድና ባልደረቦቿ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ምልክት የተደረገበት ካርቦን በርችና ዳግላስ ፈር በሚባሉ ዛፎች ችግኞች መካከል መተላለፉን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ “እናት ዛፍ ልጆቿን ትመግባለች” የሚለው አባባል ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሰፊ ግምገማም በደን ውስጥ የተገኘው ማስረጃ ይህን ለማለት እንደማያበቃ አስረድቷል። የማዕድን አቅርቦቱ ግን አያከራክርም። ደግሞም የፓይን ኤክቶማይኮራይዛ መረብ ለዝግባ አያገለግልም።

ችግኝ ጣቢያ ላይ ብዙው ስህተት የሚሠራው አፈር ሲዘጋጅ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ አፈር ፈንገስ የለውም ለማለት ይቻላል። መፍትሔው ጤናማ አገር በቀል ዛፍ ካለበት ቦታ፣ ርጋፊውን ቅጠል ገለጥ አድርጎ፣ ከላይኛው 15 ሴንቲሜትር ከቀጫጭን ሥሮች ጋር አፈር መውሰድ ነው። ከጠቅላላው ድብልቅ አንድ አሥረኛው ይበቃል፤ ችግኙ ሲዛወር ሥሩን እንዲነካ መደረግ አለበት። አፈሩ ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሮቹ ስለሚሞቱ በጥላ እርጥበቱን ጠብቆ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠቀም ይገባል። ለዚህ ሲባል ግን የቤተ ክርስቲያን ደንን ወለል በየዓመቱ መላጥ ጥፋት ነው፤ ችግኝ የሚያጠወልግ በሽታም አብሮ ይመጣል። የተሻለው መንገድ ትንሽ የጫካ አፈር ከንጹሕ አሸዋማ አፈር ጋር ቀላቅሎ በቆሎ ወይም ማሽላ መዝራት፣ ከ3 እስከ 4 ወር በኋላ አገዳውን ቆርጦ አፈሩን በጥላ ማድረቅ፣ ከዚያም ሥሩን ከትፎ ከነአፈሩ መጠቀም ነው።

ዳፕ የተባለውን ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ማብዛት ጉድኝቱን ያዳክማል፤ ፎስፈረስ የተትረፈረፈለት ችግኝ ለፈንገሱ ስኳር መስጠት ይቀንሳል። ቅጠሉ ለምልሞ የወጣ ችግኝ ማሳ ላይ ሲተከል ከሚቸገርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ውሃ የሚቋጥር የችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ ቱቦና ያለ ልክ የሚረጭ ፀረ ፈንገስ መድኃኒትም ይጎዳሉ።

አርባስኩላር ፈንገስ በዓይን ስለማይታይ ሥሩን ማቅለም ያስፈልጋል። ቀጫጭን ሥሮች በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ እስኪነጡ ይቀቀላሉ (ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው)፣ በደንብ ይታጠባሉ፣ ከዚያ 5 በመቶ የብዕር ቀለም በገባበት አቼቶ ለ3 ደቂቃ ይፈላሉ። ትርፍ ቀለሙ ጥቂት አቼቶ በገባበት ውሃ ከታጠበ በኋላ ክሮቹና ቅርንጫፎቹ በማይክሮስኮፕ ቀለም ይዘው ይታያሉ። በ3 ወር ችግኝ ሥር ላይ ምንም ካልታየ መጀመሪያ የሚመረመረው የአፈሩ ምንጭና የዳፑ መጠን ነው።