«ኦኬ» የሚለው ቃል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝኛን ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ «ኦኬ» ማለትን ያውቃል። ስለ ቃሉ አመጣጥ ከሚነገሩት ታሪኮች አብዛኞቹ ግን ማስረጃ የላቸውም።

«ከጦር ሜዳ የመጣ ነው።» በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አንድም ወታደር ባልሞተበት ቀን ዜሮ እና «ኬ» ይጻፍ ነበር፣ ትርጉሙም «ዜሮ ሟች» (በእንግሊዝኛ «ዜሮ ኪልድ») ነው ይባላል። ጦርነቱ የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሆን ቃሉ ከዚያ 22 ዓመት ቀድሞ ታትሟል።

«መነሻው አይታወቅም።» ይታወቃል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የቋንቋ ምሁር አለን ዎከር ሪድ የቆዩ ጋዜጦችን መርምረው፣ ቃሉ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 በቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ላይ መውጣቱን በ1960ዎቹ አሳይተዋል። በዚያ ዘመን የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረጎችን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል እየጻፉ በምሕጻረ ቃል መቀለድን ልማድ አድርገውት ነበር፤ «ሁሉም ትክክል» ለማለት የሚያገለግለውና በ«ኤ» እና በ«ሲ» መጻፍ የነበረበት «ኦል ኮሬክት»ም በድምፁ ብቻ ተጽፎ «ኦ» እና «ኬ» ሆነ። «ስለ ትክክል» የሚናገረው ቃል ራሱ በስሕተት መጻፉ ነበር የቀልዱ ፍሬ ነገር።

የዚያ ዘመን ሌሎች ምሕጻረ ቃላት ሲጠፉ ይህኛውን ያቆየው የ1840 ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ኪንደርሁክ ስለ ተወለዱ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይባሉ ነበር፤ ደጋፊዎቻቸውም ሁለቱን ፊደላት መፈክር አደረጓቸው። ቫን ቡረን ተሸነፉ፣ ቃሉ ግን ቀረ።

«ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል ስለማይችሉ የፈጠሩት ነው።» ይህ በዚያው ምርጫ ወቅት የቫን ቡረን ተቃዋሚዎች ያሰራጩት ወሬ ነው።

«ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች አንዱ ከሆነው ከቾክታው ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ነው።» ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ይህን አምነው ሰነዶች ላይ «ኦኬህ» ብለው ይጽፉ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ቃላት በድምፅ ስለ ተመሳሰሉ ብቻ አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለት አይቻልም፤ የጽሑፍ ማስረጃው የሚያደርሰን ወደ ቦስተን ነው።

«ትርጉሙ ‹ጥሩ› ማለት ነው።» በእኔ እምነት ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስተው ይኸኛው ነው። ቃሉ መስማማትን ወይም ችግር አለመኖሩን ይገልጻል እንጂ የግድ አያሞግስም። የወደቀን ሰው «ኦኬ ነህ?» ብለን ስንጠይቀው «ተጎዳህ ወይ?» ማለታችን ነው፤ ስለ ሥራችን «ኦኬ ነው» ተብሎ ሲመለስልን ግን ያገኘነው ምስጋና ሳይሆን «ምንም አይልም» የሚል መልስ ነው።