ድህነት ወይስ ድኅነት?

ለታመመ ጓደኛው «ፈጣሪ ድህነትን ይስጥህ» ብሎ የጻፈ ሰው አውቃለሁ። «እሱስ ድሮም አለኝ» የሚል መልስ መጣለት።

መዳን ማለት ድኅነት ነው፣ በብዙኃኑ ኅ። የድሃ ኑሮ ደግሞ ድህነት፣ በሃሌታው ህ። ስንናገር አንሳሳትም፤ በድህነት ላይ «ነ» ይጠብቃል፣ በድኅነት ላይ ይላላል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ስለዚህ ልዩነቱን የምትሸከመው ያቺ አንዲት ፊደል ናት። በግዕዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ አንድ ሆኑ።

በ«ሠ» እና በ«ሰ»ም እንዲሁ ነው፦ ሠረቀ ማለት ወጣ (ምሥራቅን አስቡ)፣ ሰረቀ ግን ሌብነት ነው። ፀሐይን በእሳቱ ሰ «ሰረቀች» ካላችሁ ከሰሳችኋት ማለት ነው።

እኔ «ፀሀይ» ብሎ የጻፈን አላርምም፤ ትርጉሙ አይዛባም። ድህነትን የተመኘልኝን ግን ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።