«ሞደርን ታይምስ» ድምፅ የለውም ያለው ማነው?

የቻርሊ ቻፕሊንን «ሞደርን ታይምስ» ባነሳሁ ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር ነው። «እሱማ ድምፅ የሌለው ፊልም ነው፤ ያኔ ድምፅ መቅዳት መች ይቻል ነበር?» በቃ ሰለቸኝ! ፊልሙ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1936 ነው። የሚናገር ፊልም አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከገባ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ቻፕሊን ራሱ ለዚህ ፊልም ንግግር ጽፎ ሞክሮታል። ትቶት ነው እንጂ አቅቶት አይደለም።

ደግሞ ድምፅ ሞልቶታል። ሙዚቃውን የደረሰው ራሱ ቻፕሊን ነው። የማሽኑ ጩኸት ይሰማል፣ የሆድ ጩኸት ሳይቀር። ሰውም ይናገራል፤ ግን በምን በኩል እንደሚናገር ልብ በሉ። የፋብሪካው አለቃ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ብቅ ብሎ ሥራው እንዲፈጥን ያዛል፤ ቻፕሊን የሚጫወተው ሠራተኛ፣ ቻርሊ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ሲጋራ ሲለኩስ እዚያም ድረስ መጥቶ ይጮህበታል። ምሳ የሚያጎርስ ማሽን ሊሸጥ የመጣው ሰው ሸክላ ያጫውታል፣ ሸክላው ያወራለታል። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ግን ድምፃቸው አይሰማም። በዚያ ፋብሪካ የሚሰማው ማሽን የያዘ ሰው ብቻ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ፊልሙን ገና አላየውም።

መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ቻርሊ ካፌ ውስጥ ሊዘፍን ሲወጣ ግጥሙ የተጻፈበት የእጅጌው ጫፍ ተስፈንጥሮ ይጠፋል። ከዚያ ትርጉም የሌለው ቃል እየፈጠረ ይዘፍናል። ቻፕሊን በብዙ ፊልሞቹ የሚጫወተው የዚያ ባለ ከዘራ ምስኪን ድምፅ በፊልም ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ቦታ ፊልሙን ለወጣቶች ሲያሳዩ ተጋብዤ ነበር። አዘጋጆቹ ድምፁን ዘግተው የራሳቸውን ሙዚቃ ከፈቱበት። ተነስቼ ለመንኳቸውና መለሱት። ዘፈኑ ላይ ስንደርስ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እባካችሁ፣ ስታዩት ድምፁን ከፍ አድርጉት።

«የልጆች ቀልድ ነው» የሚሉም አሉ። ቀኑን ሙሉ ዳዶ ሲያጠብቅ የዋለው የቻርሊ እጅ ሥራው ቆሞም መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ በመጨረሻም አእምሮው ተነክቶ ሆስፒታል ይገባል። እህቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በሠራችባቸው ዓመታት ተኝታ እንኳ ጣቶቿ ጨርቅ እንደሚገፉ ይንቀሳቀሱ ነበር። አብረን ስናየው እዚህ ጋ እኔ ስስቅ እሷ ዝም አለች።

ቀይ ባንዲራ ይዞ ሰልፍ መርቷል የሚባለውስ? ባንዲራው ከጭነት መኪና የወደቀ ነው። ለሹፌሩ ሊመልስ ሲያውለበልብ ሰልፈኞቹ ከኋላው ይደርሳሉ፣ ፖሊስም መሪ ነው ብሎ ይይዘዋል።

ዓይኑን ታስሮ ጎማ ባለው ጫማ ሲንሸራተት ሊወድቅበት የነበረው ገደል? መስታወት ላይ የተሳለ ሥዕል ነው።

«ስማይል» የሚባለው ዘፈንም በፊልሙ ውስጥ አይዘፈንም፤ ግጥሙ የተጨመረው በ1954 ነው። ዜማው ግን እዚያው አለ፣ ድምፁን ካልዘጋችሁት።